ለእማማ ባዩሽ የተበየደ መያዣ

መሳይ የእማማ ባዩሽን መቀነት በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ውስጥ ጎተተ። አሮጊቷ ግማሽ ሰውነታቸው ከመኪናው ወጥቶ ከገደሉ አፋፍ በላይ ነበር። ሐመልማል ፍሬን ረገጠች።

«ልቀቀኝ እንጂ ልጄ፣ ሰው ያየናል» አሉ፣ ወንበራቸው ላይ ሲመለሱ።

«መጀመሪያ ይደላደሉ እማማ።» መቀነቱን አልለቀቀም።

ኅዳር ስድስት ነው፣ የቁስቋም ንግሥ። እማማ ባዩሽ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ዳገቱን ወጥተው አያውቁም። ጎረቤታቸው ሐመልማል እንጦጦ ላይ ጎብኚ የምታመላልስበት፣ በር የሌለው ባለ ሁለት ወንበር የዳገት መኪና አላት፤ «ዘንድሮ እኔ አወጣዎታለሁ» አለቻቸው። የተሳፋሪው ቀበቶ ግን ተበጥሷል፣ ቅያሪው ከዱባይ አልደረሰም። እስኪመጣ ብሎ መሳይ በቀኝ በኩል ካለው ምሰሶ ላይ የብረት መያዣ በየደ።

ሙያው ይኸው ነው። ቀድሞ የጭነት መኪና ሳጥን ይበይድ ነበር፤ የእንጦጦ መኪኖች ሲበዙ ወደነሱ ዞረ። ዊንጌት አጠገብ ባለችው ጋራዡ ጣራ፣ ከፊት ግጭት የሚመክት ፓራውልት፣ የጭቃ መከላከያ ይሠራላቸዋል፤ ፋብሪካው የረሳውን ወይም እዚህ የማይገኘውን። መያዣውን ራሱ ተንጠልጥሎበት ፈትኖታል። ቢሆንም ልቡ አላርፍ ብሎት ከኋላ፣ ጭነት ማስቀመጫው ላይ ተቀምጦ አብሯቸው ወጣ።

«አጥብቀው ይያዙ ብዬዎት አልነበር?» አለች ሐመልማል።

«ቤተ ክርስቲያኑ ታየኛ! በምን ላማትብ ታዲያ? በግራዬ?»

መሳይ ቀና አለ። ጉልላቱ ከዛፎቹ መሃል ብቅ የሚለው እዚሁ ኩርባ ላይ ነው።

«አንቺስ እዚህ ስትደርሺ አታማትቢም?» ሲል ሐመልማልን ጠየቃት።

«አማትባለሁ። መሪውን በግራዬ ይዤ።» ዓይኗ መያዣው ላይ ዐረፈ።

«ጥፋቱ የኔ ነው እማማ። መያዣውን በቀኝዎ፣ በሚያማትቡበት እጅ በኩል በየድኩት።»

«የምን ጥፋት? አንተ ባትይዘኝ ይሄኔ ተንከባልዬ ፒያሳ ደርሼ ነበር! እመቤቴ ውለታህን ትክፈልህ። አንቺ ደግሞ ንጂ፣ ታቦቱ ሊወጣ ነው።»

የቀረውን መንገድ በእግር ፍጥነት ወጡ፣ መሳይ መቀነቱን እንደያዘ። የሚያልፈው ሁሉ እያያቸው ሳቀ። ደጁ ላይ እማማ ባዩሽ ወርደው መሬቱን ሳሙ። መሳይም ጎንበስ አለ። የሚለምነው ነገር ይዞ ነበር የወጣው፤ አመስግኖ ብቻ ተነሣ።

በማግስቱ መያዣውን ቆርጦ ከሁለቱ ወንበሮች መሃል፣ ከተሳፋሪው በግራ፣ በየደው። በቀኝ በኩል እስከ ወገብ የሚደርስ በር ገጠመ። በጥር፣ ለአስተርእዮ ማርያም፣ እማማ ባዩሽ በዚያው መኪና ወጡ።