የቴርሞሜትሩ ሚስማር

በግጦሽ ዘር ምርምር ጣቢያው ውስጥ እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም «ቴርሞ» ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ባልደረቦቹን «እንዴት አደራችሁ» ከማለቱ በፊት ክሎቨር የሚባለውን የማገጥ ዓይነት መኖና የሣር ቡቃያዎቹን ይጎበኛል። አምስት ጠባብ ማብቀያ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሙቀት አለው። ቴርሞ ዲግሪውን ያነባል፣ የቡቃያውን ቁመት በማስመሪያ ይለካል፣ ይመዘግባል። ለገዛ ሠርጉ አርፍዶ የደረሰው ሣር ሲለካ ነው ይባላል፤ ሚስቱም አላስተባበለችም።

ከዚህ ሁሉ ልፋት የተገኘው የዘር ወቅት ሠንጠረዥ ኩራቱ ነበር። ሠንጠረዡ፣ ክሎቨር በአሥር ዲግሪም ቢሆን ከሣሩ እኩል ያድጋል ይላል።

ታላቅ እህቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዘጠኝ ላሞች ነው። የግጦሽ መሬቷ ደክሞ ስለነበር አርሳ እንደገና ልትዘራው አሰበች፤ ተስፋዋም አፈሩን በሚያለማው ክሎቨር ላይ ነበር። ጎረቤቶቿ መሬቱ እስኪሞቅ ጠበቁ።

«እኔም ብጠብቅ አይሻልም?» አለችው።

«እታለም፣ አሥር ዲግሪ ከገባ ምን ያስጠብቅሻል? እኔ አለሁ አይደል።»

ዘራች። ሣሩ ብቅ ብሎ ተመዘዘ። ክሎቨሩ ግን ሁለት ቅጠል አውጥቶ በቆፈን ባለበት ቀረ፤ ሣሩ አጠላበትና ጨረሰው። ብቻውን የቀረው ሣርም የደከመው መሬት አላጠግብ ብሎት ቢጫ ሆነ።

ቴርሞ ዘሩን ጠረጠረ። ከዚያው ከረጢት ጥቂት አምጥቶ በአሥር ዲግሪው ክፍል ዘራ፤ ክሎቨሩ አምሮ በቀለ። ግራ ገብቶት ቆሞ ሳለ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ እጆቿን ቡቃያዎቹን ከሚያበራው መብራት ሥር ወደ ዘር ትሪዎቹ ዘረጋች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እጄን እያሞቅሁ ነዋ፣ ጋሼ ቴርሞ። ሁልጊዜ እዚህ ነው የማሞቀው።»

ቴርሞሜትሩን ከበሩ አጠገብ ካለው ሚስማር አውርዶ ቡቃያዎቹ መካከል አስቀመጠው። ጥቂት ቆይቶ አነበበ፤ አሥራ አምስት። ሚስማሩን የመታው ራሱ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጉልበቱን ሲያመው፣ ዝቅ ወዳሉት ትሪዎች መንበርከኩ ቢሰለቸው፣ መለኪያውን በአፍንጫው ልክ ሰቀለው፤ ያውም ቀዝቃዛው አየር በሚገባበት ቀዳዳ ፊት ለፊት።

እህቱ ቤት የደረሰው የሚበሉት ያጡት ላሞች ተሸጠው በጭነት መኪና ሲጫኑ ነበር።

«ዘንድሮ ብርዱ ጨከነብኝ» አለች።

ዝም ቢል ጥፋቱ የብርዱ ሆኖ ይቀር ነበር። ሚስማሩን፣ ጉልበቱን፣ አምስቱን ዲግሪ አንድ ሳያስቀር ነገራት። እህቱ ወደ ጉልበቱ ተመለከተች።

«ታዲያ ጉልበትህ ዳነልህ?»

«አልዳነም፣ እታለም።»

«እንግዲያ ሚስማሩ ለማን ጠቀመ?»

የመጨረሻዋን ላም ጀርባዋን መታ መታ አድርጋ ወደ መኪናው መወጣጫ ሰደደቻትና ባዶውን ገመድ ለወንድሟ አስያዘችው።