የታጠበችው አኮ

ሙኒራ የድንጋዩን ፊት በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው። ሳህኑ ውስጥ ያለው የሳሙና ውሃ ጠቆረ። ደፋችውና ሌላ ለብ ያለ ውሃ አመጣች። በሁለተኛው ውሃ አፍንጫ ወጣ። ቀጥሎ ጉንጭ፣ ከዚያ ወደ ኋላ የተጠቀለለ ፀጉር። ሁሉም ነጭ።

«ረዲ፣ ና እይ።»

ባሏ ከባንኮኒው ጀርባ ተነሥቶ መጣና ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ።

«ምን አደረግሻት? ፈረንጅ ሆነች እኮ!»

ድንጋዩ ጠፍጣፋ ነው፤ የድርጭት እንቁላል ያክላል። ከታች ቡናማ፣ ከላይ ነጭ ሆኖ የተደራረበ ነው። የቀረጸው ሰው ነጩን ፍቆ ፍቆ የአንዲት ሴት ፊት በጎን ብቻ አስቀርቷል። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ግን ሴትዮዋም መደቡም እኩል ጥቁር ነበሩ። ሙኒራ ማንጠልጠያውን ለመበየድ ድንጋዩን ከብር ጠርዙ አውጥታዋለች። አድርቃ ወደ ቦታው መለሰችውና ጠርዙን በቀስታ አጠፈችበት። ሥራው ደስ አላት።

ሙኒራ ነገሌ ቦረና የገባችው በ1986 ዓ.ም. ከወራቤ አካባቢ ተድራ ነው። ረዲ ያኔም በዚያው የገበያ መደዳ ወርቅ ቤት ነበረው። መጀመሪያ ወናፍ ትነፋለት ነበር። በኋላ የረዲ ዓይን ከቅርብ ማየት ሲያቅተው ቦታ ተለዋወጡ፤ እሱ ወደ ባንኮኒው፣ እሷ ወደ ወረንጦውና ወደ ሞረዱ። የነገሌ ሴቶች ወደዱት። ጉትቻ ሲያስለኩ ጆሯቸውን ለሴት መስጠት ይቀላቸዋል። እሱ ያወራል፣ እሷ ትሠራለች። ሁለቱም ቅሬታ የላቸውም።

ድንጋዩ የጉያቱ ነው። ጉያቱ እዚያው ገበያ ወተት ታከፋፍላለች። ልጇ ፋይዳ ወደ ፊልቱ ከተማ ልትዳር ቀኑ ደርሷል። ድንጋዩ በቤተሰቡ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ ነው፤ ሙሽራ ያለ እሱ አትወጣም። ስሙም አኮ ነው፣ አያት ማለት ነው። ጉያቱ ማንጠልጠያው እንደተሰበረ አምጥታ ሰጥታ፣ ባጃጅ ውስጥ ከገባች በኋላ አንገቷን አውጥታ አንድ ቃል ጮኻ ነበር የሄደችው።

ከሰዓት በኋላ ከፋይዳ ጋር መጣች።

«አካም፣ ሙኒራ?»

«ናጋ። ነይ ተቀመጪ፣ ደርሷል።»

ሙኒራ ድንጋዩን ጨርቅ ላይ አኖረችው። ጉያቱ አየችው። ከዚያ ጨርቁን ገልጣ ሥሩን አየች።

«አኮስ?»

«ይቺው ናት።»

«ይቺ የማን ናት? የእኔ ጥቁር ናት!»

«አጥቤያት ነው።»

«ማን እጠቢ አለሽ?»

«አንቺ! ባጃጅ ላይ ሆነሽ ዺቂ አላልሽኝም?»

«ዲቢ ነው ያልኩሽ! ዲቢ!»

በኦሮምኛ ዺቂ እጠቢ ነው። ዲቢ ደግሞ ቅቢ ነው። ጉያቱ ማለት የፈለገችው ስትጨርሺ ቅቤ ቀብተሽ አስቀምጪልኝ፣ አኮ ደርቃ አትደር ነው። የባጃጁ ሞተር ሁለቱን ቃል አንድ አድርጓቸዋል።

«እማዬ፣ ምናልባት…» አለች ፋይዳ።

«ዝም በይ! የሰው አያት በአንገትሽ አንጠልጥለሽ ልትዳሪ ነው?»

ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡት ሴቶች ሥራ አቆሙ። በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ።

«ጉያቱ፣ እኛስ ይህን ከየት እናመጣለን?» አለ ረዲ። «ነገሌ ውስጥ ፈረንጅ ይሸጣል?»

«አንተ ተወኝ! ዓይንህ ቀለበትና ለውዝ አይለይም።»

ሰው ሳቀ። ሙኒራ አልሳቀችም። ነገሌ ውስጥ ወርቅ ቤት የሚቆመው በስም ነው። ከጎናቸው የነበረው ዓብዱሰመድ የአንዲት ሴት ቀለበት ለወጠ ተብሎ ተወርቶበት ነበር። እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አላጣራም። ሰው መምጣት አቆመ። ዓብዱሰመድ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሜጋ ከተማ ሄደ፤ እዚያ ጎማ ይለጥፋል።

«ካንቺ በፊት ማን ነበር የሚያደርጋት?» ስትል ሙኒራ ጠየቀች።

«እናቴ።»

«እናትሽ ይምጡ። አይደለችም ካሉ ሱቁን እዘጋለሁ።»

ረዲ ዞሮ አያት።

ፋይዳ በባጃጅ ሄዳ አያቷን ጡሜን ይዛ ተመለሰች። ጡሜ ዓይናቸው ደክሟል። በትራቸውን ለፋይዳ ሰጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጉያቱ ነገሩን በኦሮምኛ ባንዴ አፈሰሰችው። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ድንጋዩን ፊቱንም ጀርባውንም በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

የጡሜ ጉንጭ ወዲያ ወዲህ ተንቀሳቀሰ። ድንጋዩን አወጡና የሙኒራን እጅ ስበው መዳፏ ላይ እንትፍ አሉበት።

አገሩን የማያውቅ አንድ መንገደኛ «ተፉባት!» አለ። ሙኒራም ነገሌ የገባች ሰሞን እንዲህ ያለው ነገር ስድብ ይመስላት ነበር። አሁን ታውቃለች። የሽማግሌ ምራቅ ምርቃት ነው። መዳፏን ጨበጠች።

«ናት» አሉ ጡሜ። «ጀርባዋ ላይ ጎድጎድ ያለ አለ። ጥርሴን ያበቀልኩት በእሷ ነው፤ ድዴ አይረሳትም።»

«እናቴ፣ ነጭ ናት እኮ!»

«ድሮም ነጭ ነበረች። አባቴ ከጣልያን ወታደር በፍየል የለወጣት ናት። እናቴ ስትቀባት ስትቀባት ጠቆረች።»

«ታዲያ አኮ ናት ያሉኝስ?»

«የእኛን ቅቤ ስትበላ ስንት ዘመኗ! ዛሬም እንግዳ ናት?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ፋይዳ ናት። ቀጥሎ በሩ ላይ ያሉት ሁሉ። ጉያቱ ላለመሳቅ ታገለች፤ አልቻለችም።

ረዲ ሮጦ ከገበያ ቅቤ በቅጠል አመጣ። ጡሜ በአውራ ጣታቸው ድንጋዩን ቀቡ፤ አፍንጫውን፣ ጉንጩን፣ ፀጉሩን። የተረፈውን ፋይዳ ግንባር ላይ አደረጉት።

«ራቁቷን አስቀምጠሻት ነበር» አሏት ሙኒራን።

«አጠፋሁ፣ እናቴ። ቋንቋው ነው።»

«ይህን ያህል ዓመት እዚህ ኖረሽ?» አለች ጉያቱ። «ለመሸጥ ሲሆን እኮ ኦሮምኛሽ ከእኔ ይበልጣል!»

«ሰምተሻል ጉያቱ?» አለ ረዲ ወደ ሚስቱ እያመለከተ። «እኔን ዓይን የለህም ትለኛለች፣ የራሷ ጆሮ ግን…»

«አንተ ቅቤውን መልስ፣ ሱቁን ቅቤ በቅቤ አደረግከው» አለችው ሙኒራ፤ ቀና ብላም አላየችው። የፋይዳን አንገት ለክታ የማንጠልጠያውን ገመድ እያሳጠረች ነበር።

ፋይዳ አኮን አድርጋ ፊልቱ ተዳረች። መደዳው ላይ ሙኒራ ዺቂ የሚል ቅጽል ወጣላት፤ ስትጠራበት አቤት ትላለች። ዕቃ ስትረከብ ዺቂ ነው ወይስ ዲቢ ብላ ሳትጠይቅ አትቀበልም።

ድንጋዩ አሁንም ፊልቱ ነው። ጠቁሯል።