ቅዳሴ ልታስቀር የነበረች ጭብጥ ቆሎ

ይህ የገጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም መሐል ነው። እስካሁን የምትከነክነኝ አንዲት ጥያቄ ስላለች እጽፈዋለሁ።

እኔ የወልድያ ሙስሊም ነጋዴ ነኝ። በአሮጌ ፒክአፕ ጨውና ሳሙና ጭኜ ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ እሄድ ነበር። ጭቃው ግመል ከነጭነቱ ይውጣል። አንድ ጥምዝ ላይ ባጃጅ እስከ ወገቧ ሰምጣለች። ሾፌሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይገፋል። ዳር ላይ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ ቄስና አንድ ዲያቆን ቆመዋል።

“አባ፣ ወዴት ነው?” አልኳቸው።

ማዶ ጋራው ላይ ወዳለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ እዚያ ያሉት አንድ ቄስና ሁለት ዲያቆን ብቻ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ካልደረሱ ቅዳሴ የለም።

“ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሊቆርቡ ብለው እህል ሳይቀምሱ ይጠብቁናል” አሉኝ።

“ግቡ በሏ!”

ሊሳፈሩ ሲሉ ሳየው የዲያቆኑ ፊት አመድ መስሏል። አንጀቴን በላውና ኪሴ ካለው ፌስታል አንድ ጭብጥ ቆሎ ሰጠሁት። ጾም ቢሆንስ? ቆሎ ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው! እሱም በጨዋ ደንብ በሁለት እጁ ተቀብሎ አፉ ውስጥ ጨመረው።

“ትፋ! አንተ፣ ትፋ!” ሲሉ ቄሱ ጮኹ። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የተነቃነቀ መሰለኝ።

ተፋው፤ ግን ግማሹ ወርዷል። ለካ እህል የቀመሰ አይቀድስም!

“ምን አጠፋሁ አባ?”

“አንድ ሰው አጎደልክብን፣ ልጄ።”



ይሄኔ ከባጃጇ ኋላ ድምፅ መጣ፤ “አባ፣ እኔም ድቁና አለኝ። ደግሞ ጾሜን ነኝ።” ያ ጭቃ የለበሰ ሾፌር ነው!

ቄሱ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ዘንድ እንደተማረ ጠየቁት። የመምህሩን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። እዚያው ቆመው ዜማ አስጀመሩት። ከዚያ ሁሉ ጭቃ የወጣው ድምፅ! እኔ ራሴ ሳላውቀው ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ።

ምንጭ ወርዶ ታጠበና የዲያቆኑን ልብስ ለበሰ። ዲያቆኑ የሾፌሩን ጃኬት ደርቦ ባጃጅ ጠባቂ ሆነ።

“እንግዲህ ምን ቀረህ፣ ብላ” ብዬ ቆሎውን ከነፌስታሉ ተውኩለት።

ስንደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። በእናቶቻቸው ጉያ ያንቀላፉ ሕፃናት ብድግ ብድግ አሉ። ሾፌሩን መልሼ ለመውሰድ ከቅጥሩ ውጭ መኪናዬ ውስጥ ጠበቅሁ። የሾፌሩ ድምፅ ከውስጥ ሲሰማ “አልሐምዱሊላህ!” አልኩ።

ዛሬ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ሳነሳ መጀመሪያ የምለው “ጾማችሁን ናችሁ?” ነው።

ጥያቄዬ ግን አልለቀቀችኝም። ዲያቆኑ ያን ቆሎ የቃመው ጾሙን ረስቶ ነው ወይስ ረሃቡ ጠንቶበት? በቀደም ላሊበላ ገበያ አገኘሁትና ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

“ዛሬስ ቆሎ ይዘሃል?” ብሎ ኪሴን ኪሴን ያይ ጀመር።