ሳይለመኑ እምቢ ማለት

ከሀገር ወጥተን በምንኖርባት የወደብ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ፣ ማታ ማታ ከሥራ ለሚወጡ ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «አዳማንትሊ» የሚለው ቃል ሲመጣ ተማሪዎቼ «በጥብቅ ማለት ነው» ይላሉ። ኤዲያ! በጥብቅ ምን አላት? «አሻፈረኝ ብሎ፣ ቢለምኑት ቢያስለምኑት ፍንክች ሳይል» እላቸዋለሁ። ልመናው የግድ ነው። ማንም ያልለመነው ሰው እንዴት ብሎ ፍንክች አላለም ይባላል?

ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ ሰው ሲያስመርር፣ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩትን ጎረቤቴን እትዬን ልጃቸው ወደሚኖርበት ናይሮቢ ሊወስዳቸው መጣ። ያደገው ግን እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። በማግስቱ በራቸው ላይ አገኘሁት።

«ነገ እመለሳለሁ» አለኝ።

«እትዬስ?»

«አዳማንትሊ እምቢ አለች።»

«ስንቴ ለመንሃት?»

«ጠየቅኳት፣ አልፈልግም አለች። ምርጫዋን ማክበር አለብኝ።»

ወይ ጉድ! ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ እንግዳ እንኳ «በልቻለሁ» ሲል በሞቴ ሳይባል አይታለፍም። ትቼው ወደ ቤት ገባሁ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

«አሞዎት ነው?»

«ምንም አልሆንኩ። ‹ትሄጃለሽ ወይ?› አለኝ። ‹እኔ እዚሁ ይሻለኛል› አልኩት። ‹እሺ› ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ። አንቺ ልጅ፣ ለወጉ እንኳ በሞቴ አላለኝም እኮ!» እንባቸው መጣ። የጠየቀኝ ለይሉኝታ ብቻ ነው ብለው ደምድመዋል።

ወጣሁና ጮህኩበት። «ግባና ለምናት፣ አንተ ድንጋይ!»

«ካልፈለገችስ?»

«እሱን ለምነህ እወቅ!»

ገባ። መጀመሪያ እንደ ማፈር ብሎ «እማዬ፣ በሞቴ» አለ። «አይ፣ ተወኝ» አሉት። አልጋቸው ሥር ተንበረከከ፤ ድምፁ ተሰበረ። «አፈር ስሆን! አንቺን እዚህ ጥዬ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልሻል? እሺ በይኝ!»

በሩ ላይ ቆሜ እያለቀስኩ፣ ዕቃቸውን ልሸክፍላቸው ብዬ ሻንጣቸውን የቱ ጋ እንደሚያስቀምጡት አስብ ነበር። መሄዳቸው አላጠራጠረኝም። እሳቸው ግን ቀና ብለው ተቀመጡና ጭንቅላቱን ይዳብሱት ጀመር።

«ተነስ፣ የኔ ጌታ። አልሄድም። አባትህ ያረፈው እዚህ ነው፣ ማኅበርተኞቼም እዚህ ናቸው። ትናንት እምቢ ያልኩህ እንድትለምነኝ ብዬ ነው። አሁን ግን ከልቤ ነው።»

አልተነሳም። እየደጋገመ ለመናቸው። እሳቸውም ፊታቸው በርቶ፣ ደጋግመው እምቢ አሉት።