የታደሰ እግር

መጀመሪያ የጠቆረችው የቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ናት። ዲላ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አንድ ቀን ከጪጩ መንደር ስመለስ የቡና ጉቶ እግሬን ወጋኝ። በጨው ውሃ አጠብኩት፣ በብጣሽ ጨርቅ ጠቀለልኩትና ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። መርፌ የለመደ ሰው ለጉቶ አይጮህም ብዬ ተኩራራሁ። ውሎ ሲያድር እግሬ አበጠ፣ ጣቴ ጠቆረች፣ ሽታው ደንበኛ አራቀብኝ። ባለቤቴ አስቴር የጭነት መኪና ለምና ወደ አንድ የሚሲዮን ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አማርኛው ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው።

«ጋንግሪን ነው። ሥጋው ሞቷል። ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ዛሬ።»

«ነገስ ቢሆን?»

«ነገ ከጉልበት በላይ።»

ዛሬ አልኩት። ኤተር የሚሉትን ማደንዘዣ አሸተቱኝ። ስነቃ አንሶላው ከቀኝ ጉልበቴ በታች ለጥ ብሏል። ከሥሩ ምንም የለም። የሌለው እግሬ ግን ያሳክከኝ ነበር።

ከጎኔ የተኛው ወጣት ታደሰ ይባላል፣ የቡሌ ልጅ። ዛፍ ወድቆበት የእሱም ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ሰው ሁሉ ሲያለቅስልን እሱ ይቀልዳል። «ጋሼ፣ ጫማ ስንገዛ አብረን እንሂድ፤ ሁለት ግራ ስጡን እንላለን» አለኝ አንዴ። ከተቆረጥኩ በኋላ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን ለእኛ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራው አዲስ አበባ ነበር። ባለሙያው መጥቶ ጉማጁን፣ ከተቆረጠው እግር የቀረውን፣ በጄሶ ይጠቀልላል፤ ሲደርቅ አውልቆ ቅርጹን ይዞ ይሄዳል። እዚያ በዚያ ልክ እንጨት ይፈለፍላሉ። በጉልበቱ ግራና ቀኝ የሚታጠፍ ብረት ይገባል፣ ጭን ላይ በቆዳ ተጠልፎ እንደ ጫማ በማሰሪያ ይታሰራል። እንደ ልብስ ልኩ ካልሆነ ያሳፍራል፤ ልዩነቱ ልብስ አያደማም። ታደሰ ቀድሞኝ ተለካ። የእኔ ቁስል ገና እርጥብ ነበር።

ከዚያ ታደሰን ትኩሳት ያዘው። ከውጭ የዳነ የመሰለው ጉማጅ አጥንቱ ውስጥ መግል ይዞ ኖሯል። ሐኪሙ ኦስቲዮማይላይተስ ብሎ ጠራው። መርዙ ደሙ ውስጥ ገባ። ቀልዱ ቀረ። ሞተ።

አባቱ አቶ ጅግሶ አስከሬኑን ሊወስዱ መጡ። አማርኛ ብዙም አይናገሩም፤ እኔ ጌዴኦኛ ስለምሰማ አስተርጓሚ ሆንኩ። «የተሠራለትን እግር ስጡኝ፤ ልጄ ጎዶሎ ሆኖ አፈር አይግባ» አሉ። ለሐኪሙ ነገርኩት። እግሩ ገና አልደረሰም ነበር። «ሲመጣ እንልክልዎታለን» አለ። ይህንንም ተረጎምኩ። አቶ ጅግሶ እጄን ይዘው ቆዩ። ቃሉ ከእኔ አፍ ስለወጣ፣ ቃል የገባሁላቸው እኔ መስያቸዋለሁ።

እኔም በክራንች ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በግራ እግሬ ብቻ ለመስፋት ሞከርኩ። የስፌት መኪናውን መርገጫ አንድ እግር ሲይዘው ጎማው ወደ ኋላ ይዞራል፣ ክር ይበጥሳል። አስቴር ጉልት ወጥታ ቆጮ መሸጥ ጀመረች፤ ልጆቻችን ፊቴን እያዩ መብላት ፈሩ። ለቁስሌ ምርመራ ወደ ሆስፒታሉ ስመለስ የታደሰ እግር መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«የአንተ ብዙ ይቆያል» አለኝ ሐኪሙ። «ይህ ትንሽ ከተስተካከለ ይሆንሃል። የአባትየውን ቃል ግን አንተ ነህ የነገርከኝ። ምን ላድርግ?»

ጉማጄን ዘረጋሁለት።

እግሩ ሠራ። ትንሽ ስለሚረዝም አነክሳለሁ እንጂ መኪናዬ ወደ ፊት ዞረ፣ አስቴርም ጉልቱን ትታ ቤት ገባች። ገበያው «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ይለኛል፤ አሜን እላለሁ። ሆዴ ግን ሌባ ይለኛል። ቆዳው በተንቋቋ ቁጥር አቶ ጅግሶ እጄን የያዙኝ ይመስለኛል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔ የሰው እግር፣ ያውም የሟች፣ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በር ላይ እቀር ነበር። አስቴር ሰለቻት። «ወይ መልሰው፣ ወይ ሄደህ ንገራቸው። አንተ ስትገላበጥ እኔም አልተኛሁም» አለችኝ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲጠነክር በጭነት መኪና ወደ ቡሌ ወጣሁ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ጉማጄ ደማ። አቶ ጅግሶን እንሰታቸው መሀል አገኘኋቸው። ሰላምታዬን ሳይመልሱ እግሬን አዩ።

«የታደሰ ነው» አልኳቸው። «እርስዎ የተናገሩትን እያወቅኩ ወሰድኩት። ልመልስ ነው የመጣሁት።» ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የቆዳውን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ።

«ቆይ» አሉ። «እስከ መቃብሩ ሂድበት።»

መቃብሩ ከቤቱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ወጣሁ። እሳቸው ከኋላዬ ናቸው፤ እግሩን እንጂ እኔን አያዩም።

«ለካ ልጄ በዚህ እግር ይህን ዳገት ይወጣው ነበር» አሉ ስንደርስ። ሁለታችንም አለቀስን።

እንደገና ማሰሪያዬን ስነካ እጄን መለሱት። «አሁን አውልቄብህ ማን አዝሎ ያወርድሃል? ስታበቃበት አምጣው።» ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ እግሩን እንደ አደራ ዕቃ ያዝኩት፤ ቆዳው ሲሰነጠቅ በራሴ መርፌ ጠቅሜ ሰፋሁት፣ ብረቱ ሲዝግ ዘይት ቀባሁት፣ ከዓመት ዓመትም አቶ ጅግሶ ዘንድ እየወጣሁ ቆጯቸውን እበላለሁ፣ እግሩንም አሳያቸዋለሁ።

ዛሬ እንደ እኔ ለተቆረጣችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ጉማጅ በመጀመሪያው ዓመት ይከሳል፤ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ቢሰፋችሁ አትደንግጡ፣ ካልሲ ደርቡበት። ካልሲው ጫፉ ላይ ስፌት አይኑረው፤ ስፌት ያቆስላል፣ ይህን የምለው ሰፊው ራሴ ነኝ። ማታ ማታ አውልቃችሁ በመስታወት እዩት። ከውጭ ድኗል ብላችሁ አትመኑ፤ ውስጡ ከጠዘጠዛችሁ ወይ ካተኮሳችሁ ለሐኪም ተናገሩ። ታደሰ አልተናገረም፤ ሲቀልድ ነበር።

ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በእኔ ልክ የተሠራ አዲስ እግር ደረሰኝ፤ መርገጫው ጎማ ነው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። አሮጌውን በነጠላ ጠቅልዬ ቡሌ ወጣሁ። አቶ ጅግሶ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። እግሩን ተቀብለው በእጃቸው ዳበሱት፤ የጠቀምኩትን ቆዳ፣ የተበላውን ተረከዝ።

«ብዙ ሄዷል» አሉ።

ከልጃቸው ጎን አፈሩን ጫር አድርገው ራሳቸው ቀበሩት። እኔ ቆሜ ታደሰን በስሙ ጠርቼ አመሰገንኩት፤ እስከዚያ ቀን ለማመስገን አፌ አልደፈረም ነበር። አቶ ጅግሶ እጃቸውን አራግፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉና አዲሱን እግር ነኩት።

«ይሄስ የማነው?»

«የእኔ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ቀስ ብለህ ውረድ።»