ከሌላ ዝርያ የመጣው ዓሣ

አባባ የምንላቸው አያቴ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ያረቧቸው ዓሦች ከአንዱ በቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ስለነበሩ እንግዳ ሲመጣ ሳይጠየቁ ያስረዳሉ። ዓሦቹ እንቁላል አይጥሉም፣ ልጅ ይወልዳሉ፤ የሚወልዱትም ሴት ብቻ ነው፣ ቁርጥ እናታቸውን። ወንዱ ከሌላ ዝርያ ነው። ዘሩ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን እንቁላል ቀስቅሶ ይቀራል እንጂ ከእሱ ወደ ልጆቹ የሚያልፍ ነገር የለም።

"ታዲያ እሱ ምን ይሠራል?" ይላቸዋል እንግዳው።

"እሱ ከሌለ አንዷም አትወለድም" ይሉና ምግብ ቆንጥረው መጀመሪያ ወንዱ ወዳለበት ጥግ ይጥላሉ። አንድም ቀን ተራውን አላፋለሱም።

እናቴን ያሳደጓት ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ነው፤ ሴት አያቴ እሳቸውን ስታገባ ይዛት መጣች። የራሳቸውን አልወለዱም።

አባባ ሲሞቱ፣ ለቅሶው ላይ አንድ የሩቅ ዘመድ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ያልደፈረው ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ፣ "ምስኪን፣ ልጅ ሳይተኩ ሄዱ" አለ። እናቴ ሰማችው። ዓሦቹ በግርግሩ ተረስተው ሁለት ቀን አልበሉም ነበር። ተነሥታ ምግባቸውን ቆነጠረችና መጀመሪያ ወንዱ ወዳለበት ጥግ ጣለች።