የአባቴ ማኪና ቀለም

ሳጥኑ የመጣው ከመጻሕፍት ጋር ነው። በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት በስጦታ የመጡ ካርቶኖች ሲከፈቱ ዝርዝር የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከተበጣጠሰ መዝገበ ቃላት ሥር ጠፍጣፋ የወረቀት ሳጥን አገኘሁ። ክዳኑ ላይ ትንሽ የጣሊያን ማኪና ተሥላለች፤ አራት በር፣ ክብ መብራት፣ ጀርባዋ ቁርጥ ያለ። ውስጡ ነጭ የፕላስቲክ ብልቶች፣ በሩ ለብቻ፣ መሪው ለብቻ፣ እንደ ወይን ዘለላ ከግንዳቸው ሳይለቀሙ ተቀምጠዋል። ለቅሞና ገጣጥሞ ማኪና ማድረግ የገዢው ፋንታ ነው። የዚህኛው ገዢ ግን ሳይነካው ዘመናት አልፈዋል፤ ሙጫው በቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል፣ መመሪያው ወረቀት ወይቧል።

ኃላፊያችን አገላብጦ አየና «መጽሐፍ አይደለም፤ ምን ብለሽ ትመዘግቢዋለሽ? ውሰጅው» አለኝ።

አብራኝ የምትሠራው ሴት ሳቀች። «ትምህርቱን በዐሥራ አራት ዓመትሽ ጀመርሽ፣ ጨዋታውን ደግሞ በሃምሳሽ!»

እኔ ግን ክዳኑን እያየሁ ነበር። ሥዕሏ አባቴ ይነዷት የነበረችው ማኪና ናት።

እናቴ ስትሞት አባቴ አርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ ከምትባለው ከተማ፣ ከእኅታቸው ዘንድ አስቀመጡኝ። እርሳቸው ጎንደር ሆነው ሰው ይጭኑ ነበር፤ ሌላውን ቀን በደባርቅ መንገድ ጭጋግ እስከማይለያት ኮሶዬ፣ በገበያ ቀን ወደኛ። ክረምት ጭቃው ስለማያሳልፍ አይመጡም። በጋውን ግን ከመታጠፊያው አቧራ ሲነሣ ሳይ ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ። ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ዶሮውና ማሩ ይጫናል፤ አባቴ ራሴን ዳበስ አድርገው ከኪሳቸው ከረሜላ ይሰጡኛል። «በሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ» ይላሉ፤ ይሄዳሉ። ያ የሚመጣው ዓመት ዐሥራ አራት እስኪሞላኝ አልመጣም። በመጣ ጊዜም፣ ጎንደር በገባሁ በማግስቱ የማኪናዋ ሞተር ነከሰና ጋራዥ ገብታ በዚያው ቀረች። እኔም ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ኋላ፣ ቁመቴ ሰሌዳውን እንዳይጋርድ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ይመጡ የነበረው ወደ እኔ ነው ወይስ ወደ ገበያው? ዶሮና ማር ባይኖር ኖሮ ያ መታጠፊያ አቧራ ያነሣ ነበር? ጠይቄ አላውቅም። አባት እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። አሁን ሰማንያን አልፈዋል፣ ዐይናቸውም እየደከመ ነው። ማኪናዋን ልክ እንደነበረች ሠርቼ ከፊታቸው ባስቀምጣት ስለዚያ ዘመን ራሳቸው ያነሡልኝ ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ አንብቤ ሳልጨርስ አንድም ብልት አልቆረጥሁም። ከዚያ በምላጭ እየቆረጥሁ፣ ጠርዙን በጥፍር ሞረድ እያለሰለስሁ፣ በወረንጦ እያነሣሁ፣ ሙጫው እስኪይዝ በልብስ መቆንጠጫ እያሰርሁ ገጠምኋት። ሳጥኑ ውስጥ የሌለውን ደግሞ ከራሴ ጨመርሁ። ጣሪያዋ ላይ ከወረቀት ማያያዣ ሽቦ ፖርቶ መጋላ ሠራሁላት፤ አባቴ የዶሮውን ቅርጫት የሚያስሩት እዚያ ነበርና። የኋላ ወንበሯን ከሱፍ ኮፍያ ጫፍ ቆርጬ አጎዛ አለበስሁት። በፊት መስታወቱ በኩል ጥፍር የምታህል የማርያም ሥዕል በክር ሰቀልሁ።

አንድ ነገር ተበላሸብኝ። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሙጫ ስለ ደረቀ መስታወቶቹን በሱፐር ግሉ አጣበቅኋቸው። በማግስቱ ባያቸው እንደ ጭጋግ የነጣ ነገር ለብሰዋል። ብወለውለው፣ ብፍቀው አልለቀቀም። ምትክ የለው። ሁለት ቀን ሳላያት ዋልሁ።

ቀለሙ ላይ ግን አልተሳሳትሁም። እርግጠኛ ነበርሁ። ወደ ታፔላ ጸሐፊ ሄጄ የሽሮ ቀለም አዘጋጅልኝ አልሁት።

«የጥሬው ሽሮ ነው የተሠራው?»

«የጥሬው። ትንሽ ቀላ ይበል።»

ቀላቅሎ አሳየኝ፤ አይደለም አልሁት። ደግሞ ቀላቀለ፤ አይደለም። በአምስተኛው «ይኸ ነው» ስለው ብሩሹን እየጠረገ «እትየ፣ ምነው? ማኪና በዚህ ቀለም የሚቀባ ሰው አለ?» አለኝ።

«አባቴ» አልሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመሐረብ ጠቅልዬ ወሰድኋት። አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ዐይናቸው አስጠጓት። ጎማዋን በአውራ ጣታቸው አንከባለሉት። ፖርቶ መጋላውን ሲነኩ ከንፈራቸው ፈገግ አለ።

«ኧረ አጎዛውም አለ! ይች እጅሽ!» አሉ። ከዚያ በመስታወቱ አጮለቁ። «ምን ሸፈናት?»

«ሙጫው ነው፣ አባየ። ተበላሸብኝ።»

«ተይው፤ ኮሶዬ ደርሳ ነው።» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ራቅ አድርገው አዩዋት።

«ሸጋ ናት» አሉ። «የማናት?»

«የእርስዎ ናት እንጅ!»

«የኔማ ሰማያዊ ነበረች።»

 አርጅተዋል፣ ረስተዋል አልሁ በልቤ። «አባየ፣ ዘንግተውት ነው። እኔ በየገበያው አይቻት የለም?»

«አንች ያየሽው የአርማጭሆን አፈር ነው!» ጉልበታቸውን መቱ። «አፈሩን ቀብታ መጣች እኮ ይች ልጅ!»

ተከራከርኋቸው። መቼም ልክ ሳልሆን መከራከር አልወድም፤ የዚያን ቀን ግን ተከራከርሁ። ስከራከር ግን እውነታቸው መሆኑ ገባኝ፤ ክረምት አይመጡ፣ ዝናብ ሲያጥባት አላየሁ። ጎንደር የገባሁ ዕለትም ያው በአቧራ ነው የመጣነው። ተሳፋሪዎች ሲወርዱ ሲሳፈሩ የበሩን ጠርዝ እንኳ አላየሁም፤ ዐይኔ እርሳቸው ላይ ነበር።

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ አጥበዋት ሳያመጧት?» አልሁ። ያ የቆየው ጥያቄዬ ነው በዚህ በኩል የወጣው። ድምፄም ከፍ ብሏል።

አባቴ ማኪናዋን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«አጥቤ ነበር የምነሣው» አሉ። «በየገበያው። ወፍ ሳይንጫጫ ቀሃ ወንዝ ወርጄ፣ በሳሙና።»

«ለገበያው?»

«ምን ትያለሽ አንች! ለገበያ ማኪና ይታጠባል? አህያ ለገበያ ይታጠባል? ኮሶዬ ስሄድ ሳምንት ሙሉ ጭቃዋን ተሸክማ ነበር የምትሄደው።» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ለልጅቱ ሸጋ ሆና ትታያት ብዬ ነው እንጅ። ትክል ድንጋይ ስትደርስ ያው አፈር ናት። ጨርቅ ከወንበር ሥር እይዝ ነበር፤ ከመታጠፊያው ቆም ብዬ ልጠርጋት ስል አንች ሮጠሽ ደርሰሻል። ማን ያቆምሻል? እንዳልገጭሽ ነበር የምፈራው።»

 ማኪናዋን ከጭናቸው አንሥቼ በመሐረቡ ጠቀለልኋት። ምሳ ቀረበልን።

ቤቴ ስመለስ የሽሮውን ቀለም በጥሩ የአሸዋ ወረቀት ፍቄ ሰማያዊ ቀባኋት። የትኛው ሰማያዊ ብዬ በስልክ ስጠይቃቸው «የጥምቀት ሰሞን ሰማይ» ብለውኛል፤ ታፔላ ጸሐፊው በሁለተኛው አገኘው። ሲደርቅ አምራ ነበር፤ ግን አላወቅኋትም። የሌላ ሰው ልጅ የምትጠብቃት ማኪና መሰለችኝ።

ስለዚህ ትክል ድንጋይ ሄድሁ። መንገዱ አሁን አስፋልት ነው፤ እዚያ መታጠፊያ ጥግ ላይ አንድ ጭብጥ አቧራ ጠፋ። ወደ አክስቴ ቤት በሚወስደው የእግር መንገድ ገብቼ ነው በላስቲክ የያዝሁት። ቤቴ መጥቼ በነጠላ ነፋሁትና በለስላሳ ብሩሽ ከጎማው ጀምሬ ወደ ላይ አለበስኋት፤ ያለ ሙጫ፣ ያለ ውኃ።

ለአባቴ ስሰጣቸው ዐይናቸው የቀለሙን ነገር እንዴት እንደሚለይ አላውቅም ነበር። በጣታቸው ዳሰሷት። አቧራው ጣታቸው ላይ ሲቀር አዩት፤ አሸተቱት። ከዚያ የጋቢያቸውን ጥለት በምራቃቸው አርሰው ኮፈኗን አንድ ጊዜ ጠረጉ። ሰማያዊው ወጣ።

«ይኸውልሽ» አሉ፤ ጥለቱን ወደኔ ዘረጉ። «ያዥ፤ የቀረውን ጨርሽው።»

«አይ፣ አባየ፤ እንዲሁ ትሁን።»

«ምነው? ሳትታጠብ?»

«አሁን መድረስዎ ነው» አልኋቸው። «ገና ሮጬ መምጣቴ ነው።»